ሠሪው የታወቀ በርኩማ

«ከምዕራቡ ዓለም ውጪ ያለ የሥነ ጥበብ ታሪክ» ይላል የምዕራፉ ርዕስ። እኔ አላወጣሁትም፤ ትምህርት ቤታችን ከባሕር ማዶ ባስመጣው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ገና ሳነበው ቀፈፈኝ። ሰውን ስም እያለው «የእነ እገሌ ልጅ ያልሆነው» ብሎ እንደ መጥራት ነው። ቻይናዊው ሸክላ ሠሪ፣ ህንዳዊው ድንጋይ ጠራቢ፣ የምዕራብ አፍሪካው ነሐስ አፍሳሽ ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ታጭቀው «ውጪ» ተባሉ። ከማን ቤት ውጪ እንደሆኑ መጽሐፉ አይናገርም።

የማስተምረው ጁባ፣ ሙኑኪ ውስጥ ባለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት አድገው ወደ አገራቸው የተመለሱ ደቡብ ሱዳናውያን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠቡ፣ ሳቁና ሐሜቱ በአማርኛ። እኔ ስዕል እንዳስተምር ነው የተቀጠርኩት። ስዕል የሚያስተምር ሰው ግን ሥራ እንደፈታ ስለሚቆጠር ጂኦግራፊም፣ የጠዋት ሰልፍ ጥበቃም ተጨመረልኝ።

የሰጠኋቸው ሥራ ከባድ አልነበረም። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጥበብ ሥራ መርጦ፣ ማን፣ ከምን፣ ለምን እንደሠራው አጥንቶ ለክፍሉ ያቀርባል። የመጀመሪያው አቅራቢ አባቱ ሀይ ጀላባ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ነበር። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጸጉሩን ቅባት አጠጥቶ መጣ። ስለ ጃፓን ሸክላ ከስልኩ የገለበጠውን እንደ ወንጌል በተመስጦ ማንበብ ጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁን ሳይለውጥ «ምስሉን ለማጉላት እዚህ ይጫኑ» አለና ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ይህ ጽሑፍ ያልተሟላ ነው፤ በማሟላት ይተባበሩን» ብሎ እጅ ነስቶ ተቀመጠ። ክፍሉ አጨበጨበ። የሳቀ የለም፤ ሁሉም የያዙት ያንኑ ነበራ።

እሱስ ይሁን፣ ልጅ ነው እላለሁ። ያንገሸገሸኝ ሌላ ነው። የቻይና ሐር ይሁን የኮንጎ ጭምብል፣ ማንም ምንም ቢያቀርብ መጨረሻው ላይ «አሁን የሚገኘው» ይልና የአንድ አውሮፓ ከተማ ስም ይከተላል። «ሠሪው» ይልና «አይታወቅም» ይከተላል። ስለ አንድ የነሐስ ራስ ያቀረበችውን ልጅ ያዝኳት።

«እንዴት ሆኖ ነው እዚያ የሄደው?»

ወረቀቷን አየች። «ተሰብስቦ ነው፣ ሚስ።»

«ምነው፣ ማገዶ ነው እንዴ የሚሰበሰበው?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው አባት የሠራውን አንስቶ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ሄዶ «አይታወቅም» ብሎ መጻፍ! ሌባም እኮ የማንን ቤት እንደሰረቀ ያውቃል። የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልነካ መለስኩት።

በማግስቱ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ መምህራን ክፍል ድረስ መጣች። ቤተሰቦቿ ከሶባት ወንዝ ዳር ናቸው። እሷ ያደገችው ጋምቤላ አጠገብ በስደተኞች ጣቢያ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ግን አታወራም፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲጠሯት ብቻ የምትነሳ ልጅ ናት። ስልኳን አውጥታ አንድ የሙዚየም ፎቶ አሳየችኝ። ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን የቆመ ባለሦስት እግር በርኩማ ነው። ከሥሩ «ደቡብ ሱዳን። ሠሪው አይታወቅም» ይላል።

«ሚስ፣ ይሄ እኛ ቤት አለ።»

«የዚህ ዓይነት?»

«የኛ ይበልጣል። የኛ ሠሪው ይታወቃል፣ አባቴ ነው።»

ነገሩን ቁጭ ብላ ነገረችኝ። የአገሯ ወንዶች በርኩማውን ቀን ዛፍ ሥር ይቀመጡበታል፤ ሲተኙ ደግሞ የተሠራ ጸጉራቸው እንዳይበላሽ አንገታቸውን ያሳርፉበታል። አባቷ የራሱን በእጁ ጠረበ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወደ ጋምቤላ ሲሸሹ አባቷ መንገድ ላይ ቀረ። የት እንደተቀበረ፣ የቀበረው ሰው መኖሩንም አያውቁም። ፎቶ የለውም። እሷ ያን ጊዜ ጡት አልጣለችም ነበር፤ መልኩን አታውቀውም። እናቷ በአንድ እጇ እሷን በሌላው በርኩማውን ይዛ ድንበር ተሻገረች፤ ሰላም ሆነ ሲባል ደግሞ ይዛው ተመለሰች። ከሰውየው የቀረው ይኸው ነው።

«እናትሽ ይፈቅዳሉ?»

«ጠይቄያት ነበር። ለአንድ ቀን ውሰጂው፣ ግን ሳይመሽ ይመለስ አለች።»

ይመለሳል አልኳት።

የሚቀመጡት ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ ሰፈር ነው። በተራዋ ቀን በርኩማውን በፎጣ ጠቅልላ፣ በቦዳቦዳ ሞተር ላይ ደረቷ ላይ አቅፋው መጣች። የዚያን ቀን የትምህርት ቤቱ ባለቤት ክፍል ገብታ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ በስልኳ ልትቀርጸን። እኛ «እትዬ» ነው የምንላት። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ግን አልላትም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። ከስደት የተመለሱትን ድሃ ልጆች በነፃ ታስተምራለች፣ ምሳ ታበላለች። ይህችም ልጅ ከነሱ አንዷ ናት።

ልጅቷ ወረቀት አልያዘችም። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የአባቷን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፈች። «ሠሪው ይሄ ነው» አለች። ከዚያ ፎጣውን ገለጠች። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ሦስቱ እግሮች ከአንድ ቅርንጫፍ የወጡ ናቸው፤ በአንድ በኩል እንደ ጥጃ ጭራ ተርፏል። አባቷ እንጨቱን ቆርጦ አይደለም ቅርጹን ያሰበው አለች፤ ቅርጹን ዛፉ ላይ እያለ አይቶት ነው የቆረጠው። ሲሄድ ያየዋል፣ ሲመለስ ያየዋል፤ እስኪደርስ ጠበቀው። ከዚያ በርኩማውን አዙራ መሐሉ ላይ ያለውን ጎድጓዳ አሳየች። ያ በመጥረቢያ የተሠራ አይደለም፤ የአንገቱ ነው። የጃፓኑ ሸክላ ልጅ ሳይፈቀድለት ተነስቶ መጣና ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ። ማንም አልሳቀበትም። በዚያ ዓመት አስተማሪ በመሆኔ ከልቤ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እትዬ መቅረጿን አቆመች። አፍንጫዋ ሲነፋ አየሁት።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» ብላ ተነሳች። እንጨቱን በጣቷ ጠረግ አድርጋ አሸተተችው። «ቅቤ ነው!»

«እናቴ ትቀባዋለች» አለች ልጅቷ። «እንዳይሰነጠቅ።»

«መቼ መቼ?»

«ሲደርቅ። ለገና ደግሞ ሁልጊዜ።»

«እየቀባች ምን ትላለች?»

ልጅቷ ውሸት አልለመደባትም። «ለአባቴ ታወራዋለች። ማን እንዳደገ፣ ማን ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ።»

እትዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ምን እንደታያት እኔ አውቃለሁ፤ ያደግነው በአንድ አገር ነው። እኛ አገር ዛፍ ወይም ድንጋይ ቅቤ ከተቀባ አድባር ነው፤ ይመለክበታል ማለት ነው። ጌታን የተቀበለ ቤተሰብ ቀድሞ ወደ እሳት የሚጥለው ቅቤ የነካውን ነው። እኔም ጴንጤ ነኝ፤ የአክስቴ ቤት ዕቃ ሲቃጠል እልል ካሉት ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ እትዬ እንጨት ላይ ቅቤ ስትሸት አፍንጫዋ ቀድሞ ፈረደ። ሶባት ዳር ያለ ሰው ግን ገላውንም፣ የወተት ቅሉንም፣ ወንበሩንም ቅቤ ይቀባል። ሙቀቱ እንጨት ይሰነጥቃላ።

«እትዬ፣ መቀመጫ ነው እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ የኔ እህት» አለችና የልጅቷን ራስ ዳበሰች። «ለማንኛውም እናትሽን እስካናግር እኔ ጋ ይቀመጥ።» ከነፎጣው አንስታ ይዛው ወጣች። ተከትያት ሄጄ ለመንኳት፤ ልጅቷ ዛሬ እመልሳለሁ ብላ ነው ያመጣችው አልኳት። ቢሮዋ ቆልፋበት «ነገ እንነጋገራለን» አለችኝ። ማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ከጸሎት እኅቶቿ ጋር ጾም ላይ ናት ተብዬ በሩን ማንኳኳት እንኳ ተከለከልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ያዘች። ፊቷ ያበራል።

«ልጆቼ፣ የምሥራች አለኝ! ዓርብ ከእኅቶች ጋር ስንጸልይ ጌታ የአንድን ቤት ሰንሰለት በጠሰ። እዚሁ ግቢያችን ውስጥ የሙት መንፈስ ማሰሪያ በእሳት ተበላ! እልል በሉ!»

ልጆቹ እልል አሉ። እልል በሉ ከተባሉ ለምን ብለው አይጠይቁም፤ ክፍል ከመግባት ይሻላል። አጨበጨቡ። ልጅቷም ከረድፉ መጨረሻ ቆማ አጨበጨበች። ከዚያ እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ወዲያ ወዲህ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ጎኗ ያሉት አሁንም እልል ይላሉ። ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፣ ሰው አባቱ ሲቃጠል እንዲያጨበጭብ ሲደረግ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ቢሮዋ ሳላንኳኳ ገባሁ። እትዬ ሻይ እየጠጣች ነበር።

«አቃጠሉት?»

«ቤንዚን አርከፍክፈን። እንዴት እንደጮኸ ብትሰሚ!»

«ቅቤ የጠጣ እንጨት ነዋ፤ ይጮኻል!»

«ተይ፣ አትሳቺ። ልጅቷ የሙት ስም ትጽፋለች፣ እናቷ ቅቤ ቀብታ ታናግረዋለች። ይሄ ምን ይባላል?»

ከራስጌዋ የራሷ አባት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሙሉ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ክራቫት። መስታወቱን በየሳምንቱ ታስወለውለዋለች። «ይሄስ ምን ይባላል?» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ።

«ፎቶ ሌላ ነው» አለች። ሻይዋን ፉት አለች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ በእኛ አገር አድባር የሰው አገር በርኩማ ተቃጠለ። ያ ፈረንጅ ሰብሳቢ ስሙን ሳይጠይቅ ወሰደ፤ የእኛዋ ስሙን ከሰሌዳ ላይ አንብባ አቃጠለች። ፈረንጁ ቢያንስ ነጭ ግድግዳ ላይ አቆመው። እንዲህ ብዬ ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ፤ ሌባን የሚያስመሰግን ሰው አጋጠመኝ ማለት ነው። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር፣ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ልጅቷ ለእናቷ እንዴት እንደነገረቻት አላውቅም። እትዬ «አብረን እንጸልያለን» ብላ እናትየውን አስጠራቻት፤ እሷም በዚያው ሳምንት መጣች። እኔንም ጠሩኝ። እናትየው እንደ ልጇ ረጅም ናት። ትከሻዋ ላይ የተቋጠረ አበባማ ጨርቅ ለብሳ፣ ወደ ትልቅ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ተጠንቅቃ ቁጭ ብላለች። እትዬ ለስላሳ ከፈተችላት። ልጇን በነፃ እንደምታስተምርላት ማንም አላነሳም፤ ግን ጠረጴዛው ላይ ከጠርሙሱ ጎን እንዳለ ነበር።

«እህቴ» አለች እትዬ፣ «ያደረግኩት ለእናንተ ብዬ ነው። ያሳዘንኩሽ ከሆነ ማለሽ።»

ማለሽ የጁባ ይቅርታ ናት። እግር ሲረገጥም ትባላለች፣ ብርጭቆ ሲሰበርም። ከዚያ እትዬ ከጠረጴዛ ሥር አንድ ዕቃ አወጣች። ቫርኒሽ የጠጣ በርኩማ ነው፤ እግሮቹ ላይ ቀጭኔ ተቀርጿል፣ ለእንግዳ የሚሸጠው ዓይነት። በደስታ አንገቷን ቀና አድርጋ እናትየዋ ጭን ላይ አስቀመጠችው። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

እናትየው ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ቆንጆ ነው» አለች በጋምቤላ አማርኛዋ። «የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ!»

«አይደለም። ማን ሠራው?»

«እኔ እንጃ። ከገበያ ነው የገዛሁት።»

እናትየው በርኩማውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አቆመችው። ለስላሳውን አልነካችም። «እሺ፣ እትዬ» አለች። «የሆነው ሆነ፣ ከላስ፣ አልቋል። አመዱን ስጡኝና ልሂድ።»

እትዬ እኔን አየችኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ ስትደናገጥ ያየኋት።

«አመዱ የለም።»

«ሜዳ ላይ ደፋችሁት?»

«ሜዳ ላይማ አይደፋም፤ ሰው ያነሳዋል። እንደ ደንቡ... ጉድጓድ ነው የገባው።»

«የቱ ጉድጓድ?»

«የሽንት ቤቱ» አለች እትዬ። ከዚያ ቶሎ ብላ «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚደረገው» አለች።

እናትየው እጆቿን አየች፣ ከዚያ ተነሳች።

«ሽንት ቤቱ የት ነው?»

እትዬ የመሰላት ሌላ ነው። ከመሳቢያዋ ሙሉ ጥቅል ሶፍት አውጥታ በሁለት እጇ በትህትና አቀበለቻት። «የእንግዳውን ክፈቺላት» አለችኝ። እናትየውም አሳፍሮ መመለስ ስለማይሆንላት ተቀበለቻት።

ደጅ እንደወጣን «የእንግዳውን አይደለም» አለችኝ። «እሱ ያለበትን።»

የተማሪዎቹ ሽንት ቤት ከግቢው ጥግ ነው። የቆርቆሮ በር፣ የዝንብ መንጋ፣ ጸሐይ ያፈላው ሽታ። ከሩቁ ነው ጉሮሮ የሚይዘው። ልጅቷ ከክፍል አይታን ሮጣ መጣች። እናትየው በሩ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። ያን የረጠበ መሬት በባዶ እግሯ ረገጠችው። እትዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ከኋላችን ደረሰች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሰው አይግባ» አለች እናትየው።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ልጅ ታዲያ የት ይሂድ?»

እናትየው በሩን በጀርባዋ ይዛ ቆመች። እውነቷን ነው አልኩ በልቤ፤ ቁልፉን ቢሰጡኝ እኔው እቆልፈው ነበር። የእረፍት ደወል ተደወለ። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ቀሚሷን ጨብጣ እየዘለለች መጣች፤ ትልልቅ ሰዎች ስታይ ሰውነቷ ቆመ፣ እግሮቿ ግን አላቆሙም።

«ሚስ፣ ሊያመልጠኝ ነው» አለችኝ።

ግቢ ልላት አልቻልኩም። አትግቢ ልላትም አልቻልኩም። እትዬም ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች።

እናትየው ሕፃኗን አየቻት። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለችና ከፈተችላት። ከሶፍቱ ቀድዳ ሰጠቻት። ሕፃኗ ገብታ በሩ ሲዘጋ እናትየው ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በዝግታ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኳት ልጅቷን።

«‹ልጅ ናት፣ ታገሣት› አለችው።»